ዲስኩን ወስደን ማስተሩን ተውነው፦ ያገለገለ ዕቃ የተገጠመላት አንዲት ቮልስ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ይህ ስለ አንዲት ቮልስ ነው። የፊት ፍሬኗ ከታምቡር ወደ ዲስክ ተቀየረ። በታምቡር ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ዲስክን ግን ፓድ የሚባሉት ከሁለት ጎን ይጨምቁታል። ቸርኬዎቿም ተቀየሩ። አብዛኛው ዕቃ የወለቀው ከተጣሉ መኪናዎች ላይ ነው። ሥራውን ስንጀምር በሁለት ቅዳሜ ያልቃል ብለን ነበር። ሦስት ወር ፈጀ።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲበላሽ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው አሮጌው ዕቃ ላይ ነው። እኛም እንደዚያው አደረግን፤ ተሳሳትንም። ከባድ ችግር የፈጠሩብን ከተጣለችው መኪና ያመጣናቸው ዕቃዎች አልነበሩም። እዚያው ትተነው የመጣነው አንድ ዕቃና መኪናዋ ላይ እንዳለ የተውነው አንድ ቱቦ ናቸው።

አራት ሰዎች ነበርን። ባለቤቱ፣ አንድ ወጣት መካኒክ፣ በቮልስ ሥራ ያረጁና ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው መካኒክ፣ አራተኛው እኔ። የኔ ድርሻ ማስታወሻ መያዝና ባትሪ ማብራት ነበር።

መኪናዋ

እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች ባለ 1300 ቮልስ ናት። አራቱም ፍሬኖቿ ታምቡር ናቸው። የፍሬን ሰርቮ የላትም፤ ፍሬኑ የሚሠራው በእግር ጉልበት ብቻ ነው። የፍሬን መስመሯ ሁለት ነው፤ አንዱ ለፊት፣ አንዱ ለኋላ። ቸርኬዋ 15 ኢንች፣ ስፋቱ 4.5 ጄ (4.5 ኢንች) ሲሆን በአራት ብሎን ይታሰራል። ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር 130 ሚሊ ሜትር ነው። በአጭሩ 4×130 ይባላል።

ከአሁኑ ባለቤት በፊት የነበረው ሰው 1600 ሞተር ገጥሞባታል። ፍሬኑን ግን አልነካውም። ሞተር መቀየር ደስ ይላል፣ ፍሬን መቀየር አሰልቺ ነው። ብዙ አሮጌ መኪና እንዲህ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ችግሩ

ባለቤቱ የሚያማርረው ቁልቁለት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ረገጣዎች ፍሬኑ ጥሩ ይይዛል። ከዚያ ፔዳሉ እየወረደ ይሄዳል። መኪናዋም ወደ ግራ ትጎትታለች።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ሸራው ራሱም ሲግል መያዙን ያጣል። በዚያ ላይ ታምቡር ፍሬን ራሱን በራሱ ያግዛል። ከሁለቱ ሸራዎች አንዱን የታምቡሩ መሽከርከር ይስበውና አጥብቆ እንዲይዝ ያደርገዋል። ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን ይህ እርዳታ ነው። አንዱ ጎን ሲግል ወይም ሲረጥብ ግን በግራና በቀኝ ያለው ልዩነት ይጎላል። መሪው ከእጅ የሚያመልጠው ያኔ ነው።

ከመንካታችን በፊት ለካን። ከሠራናቸው ጥቂት ብልህ ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ሌላ መኪና በማይገባበት ሜዳማ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳን አሥር ጊዜ በተከታታይ አቆምናት። የመጀመሪያው 22 ሜትር ፈጀ። አሥረኛው 31 ሜትር።

ዕቃ ፍለጋ

የተገኘችው አካሏ በዝገት ያለቀ ካርማን ጊያ ናት። ካርማን ጊያ ላይዋ ስፖርት መኪና ትመስላለች እንጂ ከሥር የቮልስ ዘመድ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት ፊታቸው ዲስክ ነው። ስፒንድላቸው፣ ማለትም የፊት ጎማው የሚሽከረከርበት ዘንግና መያዣው፣ በእኛዋ ቮልስ የፊት እግር ላይ ልክ ይገባል። ብየዳ የለም፣ አዲስ ቀዳዳ መብሳት የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ከዘመድ መኪና ሲጀመር ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

ሁለቱን ስፒንድል፣ ዲስኮቹን፣ ፓዶቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቁትን ካሊፐሮች፣ የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮዎቹንና የኩሽኔታ ክዳኖቹን ፈታን። ማስተር ሲሊንደሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዕቃ፣ እዚያው ዓይናችን ፊት ነበር። በጭቃና በዝገት ተሸፍኗል። «የኛ ማስተር ደህና ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ነው የተቀየረው» አለ ባለቤቱ። ቁጥሩን እንኳን ሳናነብ ሄድን።

ቸርኬዎቹ የመጡት ከሌላ መኪና ነው፣ ከተጣለ ፖርሽ 914። ይህን የሚያውቅ ይገረማል፣ የማያውቅ ደግሞ አያምንም፤ ባለ አራት ሲሊንደሩ 914 ቸርኬው እንደ ቮልስ 4×130 ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ግን ባለ አምስት ብሎን ስለሆነ አይሆንም። ያገኘነው 15 ኢንች፣ 5.5 ጄ ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው።

ምን ቀረ፣ ምን ተጣለ

ዕቃው መጀመሪያ በውሃ ታጠበ። ያረጀ የፍሬን ሸራና ፓድ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ አቧራው ለሳንባ አደገኛ ነው። ወጣቱ መካኒክ የአየር መንፊያውን ሲያነሳ ጋሼ ከእጁ ነጠቁት። ማርጠብና በጨርቅ መጥረግ እንጂ መንፋት የለም።

ስፒንድሎቹን ስንጥቅ በሚያሳይ ቀለም መረመርናቸው፤ ንጹህ ናቸው። ዲስኮቹን በማይክሮሜትር ስንለካ አንዱ ከተፈቀደው ውፍረት በታች ሆኖ ተገኘ። ዲስክ በጥንድ ነው የሚቀየረው፤ ስለዚህ ሁለቱም ተጣሉና አዲስ ገዛን። የካሊፐሮቹ ፒስተኖች ላይ ላዩን ብቻ ነበር የዛጉት። ቢቦረቦሩ ኖሮ ይጣሉ ነበር፤ የተቦረቦረ ፒስተን ዘይቱን የሚያግደውን አዲሱን ጎሚኒ ይበላዋል። ካሊፐሩ ከሁለት ግማሽ የተሠራ ነው። ግማሾቹን የሚያስሩትን ብሎኖች አልፈታንም፤ ያለ በቂ ምክንያት መፈታት የለባቸውም። ጎሚኒ፣ ፓድ፣ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ ሁሉም አዲስ ሆኑ።

የፍሬን ዘይቱን ከብረት ቧንቧው ወደ ጎማው የሚያደርሱትን የጎማ ቱቦዎችም በአዲስ ለመቀየር ተስማምተን ነበር። ከፊት ሁለት አንዱ በጊዜው አልደረሰም። በቀኝ በኩል የነበረው ከውጭ ሲታይ ስንጥቅ የለውም፤ ለጊዜው ይቆይ ተባለ። ይህቺ «ለጊዜው» ኋላ ትመጣለች።

መግጠሙ

ወጣቱ መካኒክ የግራውን ጎማ የኩሽኔታ ዳዶ ለመፍታት ግማሽ ሰዓት ታገለ። ባጠነከረ ቁጥር እያጠበቀው ነበር። የቮልስ የግራ ስፒንድል ጥርሱ ግልብጥ ነው፤ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። በዚያው በግራ ስፒንድል መሐል የፍጥነት መለኪያው ኬብል ያልፋል፤ ጫፉ ክዳኑ ላይ ባለች አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይገባል። ስለዚህ ክዳኑም የግራ የሚባል አለው። ከካርማን ጊያዋ ክዳኖቹን ስናመጣ ይህን አስበን አልነበረም፤ ዕድል ነው።

የፊት ኩሽኔታ ሲጠብቅ ትንሽ መላወሻ ሊቀርለት ይገባል፤ ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር። ይህ በእጅ ስሜት አይገመትም፣ በመለኪያ ሰዓት ነው የሚታየው። ዲስክ ሲሆን ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ከታምቡር የባሰ ያስፈልጋል። ኩሽኔታው ከላላ ዲስኩ እየተወዛወዘ ፓዶቹን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል፤ ቀጣዩ ረገጣ ባዶ ይሄዳል።

ከዚያ ከፍሬን መስመሩ አየር ማስወጣት መጣ። ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀመርን፤ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ነው የተጠቀምነው። ሁለት ሊትር አለቀ። ፔዳሉ አሁንም ስፖንጅ ነው። በማግስቱም ደገምነው፤ ያው ነው። እኔ ማስታወሻዬ ላይ «ማስተሩ አየር እየሳበ ይሆን?» ብዬ ጽፌያለሁ።

ጋሼ ዘግይተው መጡ። ጎንበስ ብለው አንዴ አዩና ሳቁ። «ልጆች፣ አየር ወደ ላይ ነው እንዴ የሚወጣው ወደ ታች?»

ካሊፐሮቹን አቀያይረን ገጥመናል፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ። ብሎኑ ልክ ይገባል፣ ዲስኩ ልክ ያልፋል፣ ምንም አያስታውቅም። የአየር ማስወጫዋ ግን ታች ሆናለች። አየሩ ካሊፐሩ አናት ላይ ተኝቶ እኛ ከሥር ጥሩ ዘይት ስናፈስ ነበር። አቀያየርናቸው። በሃያ ደቂቃ ፔዳሉ ጠነከረ።

ፍሬኑ አልለቅም አለ

የመጀመሪያው ጉዞ 12 ኪሎ ሜትር ነበር። አያያዙ ጥሩ ነው። ስንመለስ ግን የፊት ጎማዎቹ ይሸታሉ። በጨረር ቴርሞሜትር ለካን። የኋላ ታምቡሮች 45 ዲግሪ ገደማ ናቸው። የግራው ዲስክ 150፣ የቀኙ 190። ክሪክ ላይ አንስተን ስናሽከረክር ሁለቱም የፊት ጎማዎች በግድ ነው የሚዞሩት።

ሁላችንም ካሊፐሮቹን ጠረጠርን። የተጣለ መኪና ዕቃ ናቸዋ! እንደገና ፈታናቸው፣ እንደገና አጠብናቸው። ፒስተኖቹ በጣት ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ምንም የላቸውም። ሁለት ቅዳሜ እዚህ ላይ ጠፋ።

ቀጥሎ የፔዳሉ ዘንግ ታየ። በዘንጉና በማስተሩ ፒስተን መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። ከሌለ ማስተሩ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ዘይቱም ወደ ዘይት ጋኑ አይመለስም። ክፍተቱ አለ።

ጉዳዩን የፈታው ጋሼ ያሳዩን ዘዴ ነው። ከመነቃቀል በፊት መሞከር ያለበት እሱ ነበር። የፊት ጎማዎቹን አንስተህ ፔዳሉን ደጋግመህ ትረግጣለህ፤ ጎማዎቹ ይጠብቃሉ። ከዚያ ግፊቱን ከማስተሩ ጀምረህ ደረጃ በደረጃ ወደ ጎማው እየወረድክ ትለቃለህ። መጀመሪያ ማስተሩ ላይ ያለውን የብረት ቧንቧ ታላላለህ። ጎማው ከተለቀቀ ግፊቱን ይዞ የቆየው ማስተሩ ነው። ካልተለቀቀ ቧንቧውና የጎማ ቱቦው የሚገናኙበትን ታላላለህ። አሁንም ካልተለቀቀ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ትከፍታለህ። እዚያ ላይ ከተለቀቀ ጥፋቱ ቱቦው ውስጥ ነው። ያም ሆኖ ከጠበቀ፣ ያኔ ካሊፐሩን ትወቅሳለህ።

ማስተሩ ላይ ስናላላ የግራው ጎማ ወዲያው ተለቀቀ። የቀኙ ትንሽ ላላ እንጂ አልተለቀቀም። ቱቦው መገናኛ ላይ አላላን፤ ለውጥ የለም። የአየር ማስወጫዋን ስንከፍት ተለቀቀ። እንግዲህ ችግሩ ሁለት ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ።

አንደኛው ማስተሩ ነው። የታምቡር ፍሬን ማስተር በብዙ መኪና መውጫው ላይ ትንሽ ቫልቭ አለው። ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላ መስመሩ ውስጥ ከ0.5 እስከ 1 ባር የሚሆን ግፊት ያስቀራል። ታምቡር ውስጥ ሸራውን ወደ ኋላ የሚስብ ጠንካራ ሞላ ስላለ ይህች ግፊት አትጎዳም። እንዲያውም ጎሚኒውን ወጥራ ታቆየዋለች። ዲስክ ላይ ግን ሞላ የለም። ፒስተኑን የሚመልሰው በረገጣው ጊዜ የተጣመመችው ጎሚኒ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ብቻ ነው። ያቺን ታህል ግፊት ፓዱን ዲስኩ ላይ እንደተጣበቀ ለማቆየት ትበቃለች። ሲግል ዘይቱ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ የበለጠ ይግላል።

የዲስክና የታምቡር ማስተር ጎን ለጎን ቢቀመጡ መንታ ይመስላሉ። የሚለያቸው ቁጥሩና ውስጡ ነው። ካርማን ጊያዋ ላይ ትተነው የመጣነው ማስተር ትክክለኛው ነበር።

ሁለተኛው «ለጊዜው» የተባለው ቱቦ ነው። ስናወልቀው ከውጭ ያው ደህና ነው። በርዝመቱ ስንቀደው የውስጥ ግድግዳው አብጦ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቀርቷል። እግር በጉልበት ሲገፋ ዘይቱ ያልፋል። ሲመለስ የሚገፋው ስለሌለ አያልፍም።

ለፊት ዲስክ፣ ለኋላ ታምቡር የተሠራ አዲስ ማስተርና አዲስ ቱቦ ገጠምን። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ርቀት ስንለካ የፊት ዲስኮች 70 እና 72 ዲግሪ ሆኑ።

ቸርኬዎቹ

እዚህ ብዙ አላስቸገረንም፤ አንዱ ስህተት ግን ክፉ ነበር። ቅይጥ ቸርኬ ብሎን የሚያልፍበት ቦታ ላይ ከብረቱ ይወፍራል። እኛ የብረቱን ቸርኬ ብሎኖች ተጠቀምን። ጠበቁ፣ ደህና መሰሉ። ወጣቱ መካኒክ ስንት ዙር እንደገባ ሲቆጥር አምስት ሆነ። የብሎኑ ዲያሜትር 14 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ እርምጃ 1.5 ነው። ብሎን ቢያንስ የዲያሜትሩን ያህል ይግባ የሚለውን የልምድ ደንብ ብንይዝ ዘጠኝ ዙር ገደማ ያስፈልጋል። ረጅም ብሎን መጣ። እሱም ሲመጣ የአንገቱን ቅርጽ ማየት ግድ ነው። አንዳንዱ ቸርኬ ክብ አንገት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ሾጣጣ። ካልገጠሙ ብሎኑ የጠበቀ ይመስላል እንጂ የያዘው በጠባብ ቀለበት ብቻ ነው፤ ሲነዳ ይላላል። እኛ ማረፊያውን ቀለም ቀብተን አጥብቀን ፈታንና ቀለሙ ዙሪያውን እኩል መነካቱን አየን።

ቸርኬዎቹ ከነጎማቸው ነበር የመጡት። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አላለቀም። ጎናቸው ላይ ያሉት አራት አኃዞች ግን ሌላ ይናገራሉ፤ ፊተኞቹ ሁለት የተመረተበት ሳምንት፣ ኋለኞቹ ሁለት ዓመቱ ናቸው። ከአሥር ዓመት በላይ ስለሆናቸው ወደ ቆሻሻ ሄዱ። ባለቤቱ 195/65 ጎማ ፈልጎ ነበር፤ ፊተኛው ቁጥር በሚሊ ሜትር ስፋቱ ነው። ተውሰን ስንሞክረው መሪው ሙሉ ሲጠመዘዝ ከፊት ይነካል። 165/80 ላይ ተስማማን፤ ዲያሜትሩ 645 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን የፍጥነት መለኪያውንም አላዛባውም።

ውጤቱ

በዚያው አስፋልት ላይ፣ በዚያው ፍጥነት አሥር ጊዜ አቆምናት። የመጀመሪያው 20 ሜትር፣ አሥረኛው 21 ሜትር። ወደ ጎን መጎተቱ ጠፋ። እርጥብ መንገድ ላይ አጥብቀን ስንረግጥ ቀድሞ የሚቆለፈው የፊት ጎማ ነው። የኋላው ቢቀድም መኪናዋ ትሽከረከር ነበር። ኋላውን በታምቡር የተውነውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የእጅ ፍሬኑን ሳንነካው ቀረን።

ቁጥሮቹን ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ረገጣ ላይ ያተረፍነው ሁለት ሜትር ብቻ ነው። ደህና የተስተካከለ ታምቡርም ጎማ መቆለፍ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ወሳኙ ጎማው መሬቱን መያዙ ነው። ዲስክ የገዛልን ነገር አሥረኛው ረገጣ እንደ መጀመሪያው እንዲሆን ነው። ሁለቱን ሜትር ዲስኩ ይስጠው አዲሱ ጎማ ግን መለየት አልችልም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይረን ለካን። መጀመሪያ ጎማውን ብቻ ቀይረን መለካት ነበረብን።

የከፋ ነገርም አለ። ፔዳሉ ከበደ። ዲስክ እንደ ታምቡር ራሱን አያግዝም፣ ሰርቮም የለም። ባለቤቱ መጀመሪያ ሰሞን ፍሬኑ የደከመ መስሎት ሁለቴ ደውሎልኛል።

ብንደግመው

ከተጣለ መኪና ዕቃ ስንፈታ ዲስኩ ላይ አናቆምም። ከፔዳሉ ዘንግ ጀምሮ እስከ ጎማው ብሎን ድረስ መስመሩን በጣት እየተከተልን እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እናነሳለን፣ ቁጥሩን እንጽፋለን። ዕቃው ራሱ ባይረባ እንኳን ምን ዓይነት እንደነበር ማወቁ ይበቃል። ያ ማስተር በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ግን ይነበብ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ያድነን ነበር።

ከተጣለ መኪና የሚወሰደው ብረት ነው። የሚታሸው፣ የሚለጠጠውና የሚያልቀው ሁሉ አዲስ ይሁን። «ከውጭ ደህና ነው» የሚለው ለቱቦ ማስረጃ አይሆንም።

ካሊፐር ሲወልቅ ወዲያው «ግራ»፣ «ቀኝ» ተብሎ ይጻፍበት። ቴርሞሜትሯ ከሁሉም ዕቃችን ርካሿ ነበረች፣ ከሁሉም በላይ የነገረችንም እሷ ናት። በብዙ አገር እንዲህ ያለ ለውጥ ለመርማሪና ለኢንሹራንስ መነገር አለበት፤ እሱ ከመጀመሪያው ቢጠየቅ ይሻላል።

አሁን

ከ3,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ፈትተን አየናት። ፓዶቹ በአራቱም ገጽ እኩል እየበሉ ነው። የመለዋወጫው ጎማ አሁንም የድሮው ብረት ቸርኬ ላይ ነው፤ አጫጭሮቹ ብሎኖች በከረጢት ታስረው ከጎኑ ተቀምጠዋል። ረጅሞቹ ብረቱ ቸርኬ ላይ ቢገቡ ትርፋቸው ከውስጥ ወጥቶ የኋላ ሸራዎቹን ሊነካ ይችላል። ከረጢቱ ላይ ባለቤቱ በትልቁ ጽፏል፦ «ለተለዋጩ ብቻ!»